ዓባይ፣ ቢልሃርዚያና የሽንት ፊኛ ካንሰር

በሞጣ አቅራቢያ ጎጃምንና በጌምድርን የሚያገናኘው ጥንታዊው የዓባይ ድልድይ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ ይነገራል። በኢጣሊያ ወረራ ዘመን አንዱ ቅስት ስለፈረሰ «ሰባራ ድልድይ» ተባለ። በሥሩ የሚያልፈው ውሃ ሱዳንን አቋርጦ ግብፅ ይደርሳል። የሽንት ፊኛ ካንሰር ከተህዋስያን ጋር ያለው ዝምድና በመጀመሪያ የተመረመረውም በዚሁ ወንዝ የታችኛው ዳርቻ ነው።

በሽታው በዚያ አገር ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1910 ማርክ አርማንድ ሩፈር ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት በነበሩ ሁለት የግብፅ ሙሚያዎች ኩላሊት ውስጥ የቢልሃርዚያ እንቁላል አገኘ። ጀርመናዊው ሐኪም ቴዎዶር ቢልሃርዝ ትሉን በካይሮ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1911 ፈርጉሰን እዚያው ካይሮ ውስጥ አርባ የሽንት ፊኛ ካንሰር ሕሙማንን አጥንቶ በትሉና በካንሰሩ መካከል ግንኙነት እንዳለ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1915 ደግሞ ሌይፐር ትሉ በቀንድ አውጣ በኩል እንደሚተላለፍ አረጋገጠ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ሺስቶሶማ ሄማቶቢየምን ካንሰር አምጪ ብሎ የመደበው ግን እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

የትሉ እንቁላሎች በፊኛው ግድግዳ ውስጥ ተቀብረው ለዓመታት የዘለቀ ብግነት ያስከትላሉ። በቆሰለው ፊኛ ላይ ባክቴሪያዎች ይደረባሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ እነዚህ ባክቴሪያዎች በሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሬት ወደ ናይትራይት ይለውጣሉ፤ ናይትራይቱም ከአሚኖች ጋር ተዋሕዶ ካንሰር አምጪ የሆኑትን ናይትሮሳሚኖች ሊፈጥር ይችላል። በየጤና ተቋሙ በሽንት መመርመሪያ ስትሪፕ ላይ ቀለም የሚለውጠው ናይትራይትም የሚመነጨው ከዚሁ ለውጥ ነው። በጀርባ አጥንት ጉዳት ምክንያት ለረጅም ዘመን ካቴተር የሚጠቀሙ ሕሙማን ከሌላው ሰው በላይ ለፊኛ ካንሰር መጋለጣቸውም ሥር የሰደደ ብግነት የሚያደርሰውን ጉዳት ይመሰክራል። ይሁን እንጂ ይህ ማለት አልፎ አልፎ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የያዘው ሰው ሁሉ ካንሰር ይይዘዋል ማለት አይደለም።

በኢትዮጵያ የሽንት ቢልሃርዚያ የሚገኘው በጥቂት ቆላማ አካባቢዎች ነው፤ እነርሱም የታችኛው አዋሽ፣ የዋቢ ሸበሌ ሸለቆና በሱዳን ጠረፍ ያለው ኩርሙክ ናቸው። በጎጃምና በጣና ዙሪያ በብዛት የሚታወቀው ግን አንጀትንና ጉበትን የሚያጠቃው ሺስቶሶማ ማንሶኒ ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያዩት ይህንኑ ዓይነት ሲመረምሩ ነበር።

ስለሆነም በብቸናና በሞጣ የሚሠራ የጤና ባለሙያ ደም የሚሸና ሰው ሲመጣለት ጉዳዩ የቆላ በሽታ ነው ብሎ ሊተወው አይገባም። ለሥራ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰው ገበሬ ትሉን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የት እንደኖረና በየትኛው ውሃ እንደታጠበ መጠየቅ ይገባል፤ እንቁላል መፈለጊያው የሽንት ናሙናም ከረፋድ እስከ ቀትር በኋላ ባለው ጊዜ ቢሰጥ ይመረጣል። እንቁላል ከተገኘ ፕራዚኳንቴል ይሰጣል። በፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደጋግሞ ታክሞ ደሙ ያልቆመለት፣ በተለይም በዕድሜ የገፋ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሰው፣ ሌላ የመድኃኒት ዙር ከመታዘዙ በፊት ፊኛው በመሣሪያ ወደሚታይበት ሆስፒታል መላክ አለበት።