የቃል ዋጋ፤ የቪክቶሪያ ዘመን ጋዜጦችና ማስታወቂያዎቻቸው

ለንደን ላይ የሚታተመው «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ፣ በተለመደው አሠራሩ፣ እስከ ሜይ 3 ቀን 1966 ድረስ የፊት ገጹን ለዜና ሰጥቶ አያውቅም። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጦርነት ቢነሣ፣ ሚኒስትር ቢሻር፣ መርከብ ቢሰጥም፣ አንባቢው ወሬውን የሚያገኘው ገጹን ገልጦ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ነበር። የፊቱን ገጽ የያዘው ማስታወቂያ ነው። ልማዱ ከንግሥት ቪክቶሪያ በፊት የተጀመረ ቢሆንም፣ ማስታወቂያ ራሱን የቻለ ማኅበራዊ ኃይል ሆኖ የወጣው ከ1837 እስከ 1901 በዘለቀው በእርሷ ዘመነ መንግሥት ነው። ስለዚህ የዚያን ዘመን ኅብረተሰብ ተስፋና ፍርሃት ለመመርመር የሚሻ ሰው ከርእሰ አንቀጹ ይልቅ የማስታወቂያውን ዓምድ ቢያነብ ብዙ ይማራል።

የዕድገቱ መነሻ ኤኮኖሚያዊ ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት በያንዳንዱ የጋዜጣ ማስታወቂያ ላይ እስከ 1833 ድረስ 3 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ቀረጥ ያስከፍል ነበር። በዚያ ዓመት ቀረጡ ወደ 1 ሽልንግ ከ6 ፔኒ ዝቅ አለ፤ በ1853 ፈጽሞ ተነሣ። የጋዜጣ ቴምብር ቀረጥ በ1855፣ የወረቀት ቀረጥ ደግሞ በ1861 ቀሩ። ጋዜጣም በአንድ ፔኒ የሚሸጥበት ጊዜ መጣ። ይሁን እንጂ የአንድ ፔኒ ጋዜጣ ወጪውን ከአንባቢው ኪስ ብቻ ሊሸፍን አይችልም። ጉድለቱን የሞላው ማስታወቂያ አስነጋሪው ነጋዴ ነበር። ከቀረጥ ነጻ የወጣው ፕሬስ ሳይውል ሳያድር ሌላ ጌታ አገኘ ማለት ነው።

ከነዚህ ነጋዴዎች ቀደምት ከሆኑት አንዱ ቶማስ ሆሎዌይ ነው። ቪክቶሪያ በነገሠችበት በ1837 ቅባት መሸጥ ጀመረ፤ ክኒኑንም አስከተለ። በሕይወቱ ማብቂያ ገደማ ለማስታወቂያ ብቻ በዓመት 50,000 ፓውንድ ያህል ያወጣ ነበር። ካካበተው ሀብት የሴቶች ኮሌጅ አሠራ፤ በ1886 ንግሥቲቱ ራሷ መርቃ ከፈተችው። ለኮሌጁ ከተገዙት ሥዕሎች አንዱ የኤድዊን ሎንግ «የባቢሎን የጋብቻ ገበያ» ሲሆን፣ በ1882 የተከፈለበት ዋጋ 6,615 ፓውንድ ነበር። ሥዕሉ የሚያሳየው ልጃገረዶች በጨረታ ሲቀርቡ ነው። በክኒን የተገኘ ገንዘብ የጨረታን ሥዕል በጨረታ ገዛ።

የቶማስ ቢቻም ታሪክ ደግሞ የቃልን ኃይል ይበልጥ ግልጽ ያደርገዋል። በልጅነቱ በግ ጠባቂ የነበረው ይህ ሰው በ1859 በሴንት ሄለንስ ከተማ ጋዜጣ ላይ ክኒኑን «ሣጥኑ አንድ ጊኒ ያወጣል» ብሎ አስነገረ። አንድ ጊኒ 21 ሽልንግ ነው። ሣጥኑ ግን የሚሸጠው በ1 ሽልንግ ከ1 ፔኒ ተኩል ነበር። ገዢው ገንዘቡን ሲከፍል ወደ ሃያ ሽልንግ የሚጠጋ ያተረፈ ይመስለዋል። በ1909 የብሪታንያ ሐኪሞች ማኅበር ክኒኑን አስመርምሮ ያገኘው እሬት፣ ዝንጅብልና ሳሙና ነበር። የኀምሳ ስድስቱ ክኒን ጥሬ ዕቃ ዋጋ ከአንድ ፔኒ አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ከመሸጫው ዋጋ አንድ መቶኛውን እንኳ አይሞላም። የቀረው የቃል ዋጋ ነው።

በሣጥኑ ዋጋ ላይ የተጨመረችው 1 ፔኒ ተኩልም የራሷ ታሪክ አላት። ከ1783 ጀምሮ በባለቤትነት በሚሸጡ መድኃኒቶች ላይ የተጣለች የመንግሥት ቀረጥ ነበረች፤ ለመከፈሏም ማስረጃ ሣጥኑ ላይ የመንግሥት ቴምብር ይለጠፍ ነበር። ብዙው ገዢ ግን ቴምብሩን የቀረጥ ምልክት ሳይሆን የመንግሥት ምስክርነት አድርጎ ይወስደው ነበር። ግምጃ ቤቱም ከእሬቱ ድርሻውን ይቀበል ነበር።

የቅንጦት ዕቃ ማስታወቂያ የተጓዘው በሌላ መንገድ ነው። መድኃኒቱ በፍርሃት ሲሸጥ፣ ሳሙናውና ሽቱው የተሸጠው በክብር ናፍቆት ነበር። የፒርስ ሳሙና ንግድ መሪ የነበረው ቶማስ ባራት የታዋቂዋን ተዋናይት የሊሊ ላንግትሪን ምስክርነት አሳተመ። ቀጥሎም ጆን ኤቨሬት ሚሌይ የልጅ ልጁን የሳሙና አረፋ ሲነፋ የሣለበትን የ1886 ሥዕል በ2,200 ፓውንድ ገዝቶ፣ በኅትመቱ ላይ አንድ ሳሙና አስጨመረበት። ሥዕሉ ከማንኛውም ቤተ ሥዕል ይልቅ በማስታወቂያ ሰሌዳ ታወቀ። ኪነ ጥበብ ወደ ሕዝብ ወረደ ያሉ ነበሩ፤ ኪነ ጥበብ ተሸጠ ያሉም ነበሩ። ሁለቱም እውነት ነበራቸው። ነገር ግን ይኸው ሳሙና የእንግሊዝ ጦር በጎረቤታችን በሱዳን በዘመተበት በ1880ዎቹ፣ ስሙ በአለት ላይ በትልልቅ ነጭ ፊደል ተጽፎ፣ የአገሩ ሰዎች ፊቱ ሲደነግጡና ሲንበረከኩ የሚያሳይ ማስታወቂያ አስወጥቷል። እዚህ ላይ ማስታወቂያው ሳሙና ብቻ ሳይሆን ቅኝ ገዢነትንም ይሸጥ ነበር።

ከሁሉ የከፋው ግን የምስጢር ሕክምና ማስታወቂያ ነው። ዮሴፍ ካን በ1851 ለንደን ላይ የሰውን አካል በሰም ቅርጽ የሚያሳይ ሙዚየም ከፈተ። ውሎ አድሮ ሙዚየሙ በአባለ ዘር በሽታ የተጎዳ ገላ እያሳየ ተመልካቹን ያስፈራ፣ የፈራውንም ወደ ምስጢር ሕክምና ይመራው ጀመር። በ1873 በፍርድ ተዘጋ። በተውኔት ዓይን ስናየው አደራረጉ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያው ገቢር ፍርሃት ይዘራል፣ በሁለተኛው መድኃኒቱ ይቀርባል። ያፈረ ሰው ደግሞ ቢታለልም አደባባይ ወጥቶ አይከስስም። ነጋዴው ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን ያምን ነበር? ሞኝ ስለነበረ ነው ማለት ይቀናል። ነገር ግን የሐኪም ክፍያ ከሠርቶ አደሩ አቅም በላይ በነበረበት ከተማ፣ በሽልንግ የሚገዛ ተስፋ ሞኝነት ሳይሆን አማራጭ ማጣት ነው። ውሸቱን ያበቀለው መሬት ይህ ነበር።

የታለለ ሁሉ ግን ዝም አላለም። በኖቬምበር 1891 በ«ፖል ሞል ጋዜት» ላይ ስለ «ካርቦሊክ የጭስ ኳስ» አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ኳሱን እንደ ታዘዘው ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው ኩባንያው 100 ፓውንድ እንደሚከፍል፣ ለዚህም 1,000 ፓውንድ ባንክ ማስቀመጡን የሚገልጽ ነበር። ወይዘሮ ሉዊዛ ካርሊል ኳሱን ገዝተው በቀን ሦስት ጊዜ ተጠቀሙ፤ በጃንዋሪ 1892 በሽታው ያዛቸው። ኩባንያው አልከፍልም ስላለ ከሰሱት። የኩባንያው ጠበቆች ነገሩ ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው የነጋዴ ጉራ ነው ሲሉ ተከራከሩ። የይግባኙ ፍርድ ቤት በዲሴምበር 1892 ክርክሩን ውድቅ አደረገ። ገንዘብ አስቀምጫለሁ ብሎ ለሕዝብ ያስነገረ፣ በቃሉ ይጠየቃል አለ። አባቶቻችን ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዳሉት ማለት ነው።

ድሉ ግን ሙሉ አልነበረም። የኩባንያው ባለቤት ሽልማቱን ወደ 200 ፓውንድ ከፍ አድርጎ፣ ግዴታዎቹንም አጥብቆ፣ ማስታወቂያውን ቀጠለ። በእንዲህ ዓይነት መድኃኒቶች ሣጥን ላይ የተሠሩበት ነገር እንዲጻፍ ያስገደደው ሕግ የወጣው ደግሞ በ1941 ነው። ወይዘሮ ካርሊል በማግስቱ ዓመት በ96 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለእኛ ብዕር ለምንይዘውና ለምናስተምረው ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ያን ገጽ የጻፉት ሰዎች ችሎታ አልጎደላቸውም፤ ቃላቸው አጭር፣ ጆሮ የሚይዝ፣ ከልብ የማይጠፋ ነበር። የጎደላቸው ለጻፉት ቃል መጠየቅ ነው። ይህንም ያስታወሷቸው ሚኒስትሩም ጋዜጠኛውም ሳይሆኑ፣ ማስታወቂያውን ቃል በቃል አንብበው ያመኑ አንዲት ሴት ነበሩ።