አንድ ቤት፣ አንድ አዛዥ



ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚጓዝ መንገደኛ ሸኖን ካለፈ በኋላ ጫጫን ያገኛል። ከጫጫም አንጎለላ ሩቅ አይደለም። አንጎለላ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከከተሙባቸው ሥፍራዎች አንዱ ሲሆን፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱትም በዚያው ነው። የዛሬውን ንግግራችንን ከዚህ መጀመራችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የቧንቧ ውሃ፣ የኤሌክትሪክ ብርሃንና ቴሌፎን ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት እንዲገቡ ያደረጉ እኒሁ የአንጎለላ ተወላጅ ናቸውና።

በ1886 ዓ.ም. ግድም ኢንጂኔር አልፍሬድ ኢልግ የተባለው የስዊስ ሰው ከእንጦጦ ሥር ውሃ በቧንቧ ስቦ፣ ቁልቁል ወርዶ ዳግመኛ ሽቅብ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ እንዲወጣ አደረገ። በ1890 ዓ.ም. ግድም ደግሞ የመብራት ሞተር ገባ። ይሁን እንጂ ቧንቧው ስለ መብራቱ፣ መብራቱም ስለ ቴሌፎኑ የሚያውቀው አልነበረም። የግቢውን ሥራ አንድ የሚያደርገው ሰው ነበር። በግብር ቀን ወጥ ቤቱ፣ ጠጅ ቤቱና የአዳራሹ በር የሚሠሩት በአንድ ሥርዓት ነው፤ መኳንንቱ በልተው ሳይነሡ አጋፋሪው ለጭፍራው በሩን አይከፍትም። አዛዡ ሁሉንም ያያል፤ ሁሉም ወደ እርሱ ይመለከታል።

ይህን የአዛዥ ተግባር ለመሣሪያ ማስተማር ረጅም ዘመን ወስዷል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1883 ዋረን ጆንሰን የተባለ አሜሪካዊ መምህር፣ የክፍልን ሙቀት ለክቶ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚያስታውቅ መሣሪያ ፈለሰፈ። ከዚያ በኋላ በየሕንፃው መሣሪያው በዛ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ኩባንያ ለመሣሪያው የገዛ ራሱን ቋንቋ ስለ ሰጠው፣ ሕንፃው እንደ ባቢሎን ግንብ ሆነ። በ1987 የአሜሪካ ባለሙያዎች የጋራ ቋንቋ ማዘጋጀት ጀመሩ፤ ባክኔት ተብሎም በ1995 ታተመ።

ይህ ጉዳይ ዛሬ የእኛም ነው። በየካቲት 2014 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ከ200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በረጅም ሕንፃ ውስጥ እሳት ቢነሣ ደወል መጮኹ ብቻ አይበቃም። ደወሉ ለአየር ማዘዋወሪያው ነግሮ ጢሱ ወደ ሌላው ፎቅ እንዳይነፍስ ማድረግ፣ ለአሳንሰሩ ነግሮ ወደ ምድር ቤት ማውረድ፣ ለተቆለፈው በር ነግሮ ማስከፈት አለበት። ደወሉ ጮኾ ሌሎቹ ካልሰሙት፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ደኅና ሆኖ ሳለ ሰው ይጠፋል።

እንግዲህ ሕንፃ የሚያሠራ ወይም ዕቃ የሚገዛ የመንግሥት ሠራተኛ አንድ ነገር ያስብ። ደወሉ በአንድ ጨረታ፣ አሳንሰሩ በሌላ፣ የበሩ ቁልፍ በሦስተኛ ሲገዛ ዋጋው የቀነሰ ይመስላል። ዳሩ ግን የሚነጋገሩበት ቋንቋ በውሉ ካልተጻፈ፣ ተረክቦ የሚፈትናቸውም አንድ ኃላፊ ካልተሾመ፣ ያ ቤት አዛዥ የሌለው ግቢ ነው።

የጫጫ እመቤት ይህን ታውቃለች። በብርዱ ሌሊት ከሰል ስታያይዝ መስኮቱን አትዘነጋም፤ ሙቀቱን ለአንዱ፣ አየሩን ለሌላው ትታ ብትተኛ ቤተ ሰቧ በከሰሉ ጭስ ታፍኖ ሊያድር እንደሚችል ታውቃለችና። እሳቱንና መስኮቱን የሚያስብ አንድ ልብ ነው።