ከምንጩ እስከ ገንዳው

ስለ መሬትና ሥልጣን በማስተምርበት ክፍል ከአዋጅ አስቀድሜ ለተማሪዎቼ የማሳያቸው የአንድ ቤት ፕላን ነው። ቤቱ በሰሜን ጣሊያን፣ ከትሬቪሶ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው በማዜር መንደር ያለው ቪላ ባርባሮ ነው።

የሕዳሴው ዘመን ቪላ ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የሹማምንት መዝናኛን ነው። ነገሩ ግን ከዚህ ጠለቅ ይላል። የቬኒስ መኳንንት በባሕር ንግድ የከበሩ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1498 ፖርቱጋሎች በባሕር ሕንድ ደረሱና ተፎካካሪ ሆኑባቸው፤ በ1509 ደግሞ ቬኒስ በአኛዴሎ ተሸንፋ አብዛኛውን የየብስ ግዛቷን ለጊዜው አጣች። ግዛቱ ሲመለስ የመኳንንቱ ገንዘብ ወደ አፈር ዞረ። በ1556 ሪፐብሊኩ ጠፍ መሬትን የሚያስለማ ቋሚ መሥሪያ ቤት አቋቋመ። በዚያው ዓመት ዳንኤሌ ባርባሮ የቪትሩቪየስን የሥነ ሕንፃ መጽሐፍ ተርጉሞ ከነማብራሪያው አሳተመ፤ በሥዕሎቹ ያገዘው አንድሬያ ፓላዲዮ ነበር። በ1550ዎቹ ለዳንኤሌና ለወንድሙ ለማርካንቶኒዮ ቪላውን የነደፈላቸውም ይኸው ፓላዲዮ ነው።

የመካከለኛው ሕንፃ ፊት የጥንት ሮማውያንን ቤተ መቅደስ ይመስላል፤ አራት ዓምዶች ባለ ሦስት ማዕዘን ግንባር ተሸክመዋል። ግራና ቀኝ የተዘረጉት ባለ ቅስት ክንፎች ግን የእርሻ ሥራ ክፍሎች ናቸው፤ ጫፋቸው ላይ የርግብ ቤት አለ። የአማልክት ማደሪያ መልክ ለባለርስት ቤት ሲውል የመጀመሪያው ጊዜ ባይሆንም፣ ከጎተራ ጋር እንዲህ ተዋዶ ማየቱ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ዋናው ነገር ያለው ግን በውኃው ላይ ነው። ፓላዲዮ በ1570 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚያስረዳው፣ ከቤቱ ኋላ ከኮረብታው የሚፈልቀው ምንጭ በቅርጻ ቅርጽ አጊጦ በመጀመሪያ የዓሣ ኩሬ ይሞላል። ከዚያ ወደ ወጥ ቤት ይገባል። ቀጥሎ በመግቢያው መንገድ ግራና ቀኝ ያሉትን አትክልቶች ያጠጣል፤ ቁልቁል ወርዶ የሕዝብ መንገድ ዳር ሁለት ኩሬዎችን ከነከብት ማጠጫ ገንዳቸው ይሞላል። የተረፈው ወደ ሰፊው የፍራፍሬ እርሻ ይሄዳል። አንድ ጠብታ አይባክንም፤ እንደ ምሕንድስና እጅግ የሚደነቅ ሥራ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን ልብ በሉልኝ።

በውስጥ ግድግዳዎቹ ላይ ፓኦሎ ቬሮኔዜ ሥሎባቸዋል። የማርካንቶኒዮ ሚስት ከሞግዚቷ ጋር ከሐሰተኛ ሰገነት ቁልቁል ታያለች፤ አንዲት ልጅ ከሐሰተኛ በር ብቅ ትላለች። ፓላዲዮ በመጽሐፉ ስለ ማዜር ሲጽፍ የባለቤቶቹን ስም አስቀምጦ ቬሮኔዜን ግን ሳይጠቅሰው አልፏል። ታላቁ ሠዓሊ ከተዘለለ ቦዩን የቆፈሩት ሊጠቀሱ አይችሉም።

አምና አንዲት ተማሪዬ ፕላኑን ለረጅም ጊዜ ስታይ ቆይታ፣ «የመንደሩ ሴቶች እንስራቸውን የሚሞሉት ከየትኛው ላይ ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ጣቴን ከምንጩ አንሥቼ በውኃው መንገድ ላይ ወደ ታች ወሰድሁት፤ መንገዱ ዳር፣ ከከብቶቹ ገንዳ ላይ ደርሶ ቆመ።