ነፍስ የተመዘነችበት አልጋ

ሚዛን እየፈተሽኩ ነው የምተዳደረው። «ነፍስ 21 ግራም ትመዝናለች» ሲባል ስሰማ ታዲያ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሚዛኑ ነው።

ወሬው የተነሳው ከአሜሪካ፣ ከማሳቹሴትስ ነው። የሄቨርሂሉ ሐኪም ዱንካን ማክዱጋል እ.ኤ.አ. በ1901 በሞት አፋፍ ላይ የነበረን የሳንባ ነቀርሳ በሽተኛ ከነአልጋው ሚዛን ላይ አስተኛ። በዚህ በሽታ የተያዘ ሰው አቅሙ አልቆ ብዙም ሳይንቀሳቀስ ስለሚሞት የሚዛኑ ክንድ አይናወጥም። ሰውየው 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አጣጣረ። በትንፋሽና በላብ ክብደቱ በሰዓት 28 ግራም ያህል ይቀንስ ስለነበር ሐኪሙ ሚዛኑን እየተከታተለ ያስተካክላል። ነፍሱ ስትወጣ ክንዱ ድንገት ወርዶ የታችኛውን ማገጃ ሲመታ ድምፁ ተሰማ። የጎደለው 21 ግራም ገደማ ነበር።

ሚዛኑ 5.6 ግራም ድረስ ይለያልና 21 ግራም አያመልጠውም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሐኪሙ ከመዘናቸው መካከል አምስተኛው ሰው ነው። እሱም ሲሞት ክንዱ ወረደ፤ ሐኪሙ ክብደት ጨምሮ ክንዱን ከፍ አደረገው። በኋላ የጨመረውን ቢያነሳው ግን ክንዱ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተመልሶ ወርዶ አልረጋም። እኔ እንዲህ ያለ ሚዛን ላይ ማኅተም አልመታም።

በጠቅላላው የተመዘኑት 6 ሰዎች ናቸው። የሁለቱን ውጤት ራሱ ጣለው፦ አንዱ ሚዛኑ በወጉ ሳይስተካከል፣ ሥራውን የሚቃወሙ ሰዎችም ጣልቃ እየገቡ የሞተ ነው፤ ሌላው ክንዱ እየተስተካከለ ሳለ አረፈ። የቀሩት አራቱ ቁጥራቸው አልተስማማም፤ በሁለቱ ላይ ክብደቱ ከደቂቃዎች በኋላ እንደገና ቀንሷል። 15 ውሾችም መዝኖ የጎደለ ነገር አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1907 ጽሑፉ ሲታተም አውግስጦስ ክላርክ የተባለ ሐኪም፣ ትንፋሽ ሲቆም ሰውነት ይግላል፣ ላብም ይወጣል፣ ውሻ ግን እንደ ሰው አያልብም ብሎ ሞገተው። ማክዱጋል ክርክሩን ባይቀበልም ብዙ ሙከራ ገና እንደሚያስፈልግ በግልጽ ጽፏል። ጉድለቱን ሁሉ አስፍሮ ሳለ ዓለም አንዷን ቁጥር ብቻ ይዞ መሮጡ ያሳዝነኛል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ሳም ፓርኒያ የተባለ ሐኪም ሚዛኑን ትቶ ወደ ምስክርነት ዞረ። «ከሰውነቴ ወጥቼ ከላይ አየሁ» የሚሉ በሽተኞች ነበሩና በ15 ሆስፒታሎች፣ ከጣሪያው ሥር ብቻ የሚታዩ ሥዕሎች መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት 2,060 የልብ መቆም አጋጣሚዎችን መዝግቧል። ሲታከሙ አይተናል፣ ሰምተናል ያሉት ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የሁለቱም ልብ የቆመው መደርደሪያ ባልነበረበት ክፍል ነው።