ስድስት ገጽ ጽሑፍ እና የእኛ «ዲስክ»

አዲስ አበባ ውስጥ ወገቡን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት ሳይደርስ «ዲስክ ነው» ይባላል። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ሳይቀር ይነግረዋል። ይህ ቃል የሰፈር ቃል እስኪሆን የተጓዘውን መንገድ ወደ ኋላ ብንከተለው አንድ አጭር የምርምር ጽሑፍ ላይ ያደርሰናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከወገብ ተነስቶ እስከ እግር ጣት የሚወርደው ሕመም ጥንትም ነበር። ምክንያቱ ግን አይታወቅም ነበር። አንዱ ሐኪም ነርቩ ራሱ ተቆጥቷል ይላል፤ ሌላው የዳሌ መገጣጠሚያ ነው ይላል። ቀዶ ሐኪሞች አከርካሪ ሲከፍቱ አልፎ አልፎ ነርቭ ላይ የተጫነ ቁራጭ ያገኙ ነበር። እሱንም «ዕጢ» ብለው ያወጡታል፣ መዝገብ ላይም ዕጢ ብለው ይጽፉታል።

በ1932 ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ውስጥ ጆሴፍ ባር የተባለ ወጣት የአጥንት ሐኪም ይህን ስም ተጠራጠረ። ቀደም ሲል «ዕጢ» ተብለው የተቀመጡ ናሙናዎች እንደገና በማይክሮስኮፕ ተመረመሩ። ብዙዎቹ ዕጢ አልነበሩም፤ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ካለው ዲስክ ተቀዶ የወጣ አካል ነበሩ። ባር ከነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ዊልያም ጄሰን ሚክስተር ጋር ሆኖ የ19 ሕሙማንን ታሪክ በ1934 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተመ። ጽሑፉ ስድስት ገጽ ብቻ ነው።

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። በጀርመን ድሬስደን ክርስቲያን ሽሞርል ከሞቱ ሰዎች የተወሰዱ በሺዎች የሚቆጠሩ አከርካሪዎችን መርምሮ ዲስክ እንዴት እንደሚጎዳ አሳይቶ ነበር። ባልቲሞር ውስጥ ዋልተር ዳንዲም በ1929 ሁለት ሕሙማንን ዘግቧል። ሚክስተርና ባር ግን ጉዳቱን፣ ምልክቱንና ሕክምናውን በአንድ ክር አሰሩት። ከዚያ በኋላ የወገብ ቀዶ ሕክምና ሌላ ዘመን ውስጥ ገባ።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ጽሑፉ የሚናገረው ነርቫቸው ወይም ህብለ ሰረሰራቸው ስለተጫነባቸው ሰዎች ነው። ዓለም ግን የወገብ ሕመም ሁሉ ማብራሪያ አድርጎ አነበበው። በቀጣዮቹ አሥርት ዓመታት የዲስክ ቀዶ ሕክምና እጅግ ተስፋፋ።

ጥያቄው ዘግይቶ መጣ። በ1983 ኖርዌያዊው ሄንሪክ ዌበር፣ ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋቸው አያስፈልጋቸው በግልጽ ያልለየላቸውን 126 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ያገኘውን ውጤት አሳተመ። በአንደኛው ዓመት ቀዶ ሕክምና ያገኙት ይሻሉ ነበር። በአራተኛው ዓመት ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። በ1994 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ምንም የወገብ ሕመም የሌላቸው 98 ሰዎች ኤምአርአይ ተነሱ። ከግማሽ በላይ በሆኑት ቢያንስ አንድ ዲስክ አብጦ ታየ። ጤነኛ ሰዎች ናቸው እኮ!

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። ብዙ ሰው «ዲስኩ ወጥቷል» የሚል የኤምአርአይ ውጤት በፌስታል ይዞ ከክሊኒክ ክሊኒክ ይዞራል። ወረቀቱን የሚያነብለት እንጂ እግሩን የሚመረምርለት አያገኝም። ላያስፈልገው ለሚችል ቀዶ ሕክምና ላም የሚሸጥ ቤተሰብ አለ። በሌላ በኩል «ዲስክ ነው» ተብሎ ሲታሽ የከረመው ወገብ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ቲቢ ባለበት አገር ይህን መርሳት ዋጋ ያስከፍላል።

ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። እግር እየዛለ ከሄደ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ አንድ ቀንም ማደር የለበትም። እንዲህ ላለው ሕመምተኛ የሚክስተርና የባር ሥራ ዛሬም እግር ያድናል።

ባር ያን ሁሉ ያገኘው መዝገብ ላይ የተጻፈውን ስም ባለማመኑ ነው። እናንተም ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ይቺን ጥያቄ አትርሱ፦ «ዶክተር፣ ምስሉ ላይ የታየው ነገር እኔን ከሚያመኝ ቦታ ጋር ይገጥማል ወይ?»