ከፍታቸው በተጨመረ ነባር ፒክአፖች ላይ የሚደረግ የመሪ ማስተካከያ

በገጠር መንገዶች የሚሠሩ ነባር ፒክአፖች ለኮረኮንች መንገድ እንዲመቹ በባሌስትራ ለውጥ ከፍ ሲደረጉ ይታያል። እ.ኤ.አ. እስከ 1999 የተመረተው ቶዮታ ላንድክሩዘር 75 ለዚህ ምሳሌ ነው፤ ወጥ የሆነው የፊት አክስሉ በባሌስትራ ላይ ያርፋል። ከፍታው ተጨምሮ መሪው ሳይስተካከል ከቀረ ተሽከርካሪው ከአሽከርካሪው ፈቃድ ውጭ አቅጣጫ ሊስት ይችላል።

የችግሩ ምንጭ

ሻሲው ሲነሣ የመሪ ሳጥኑ አብሮ ይነሣል፤ አክስሉ ግን በቦታው ይቀራል። በዚህም ሳጥኑን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ከመጠን በላይ ያዘነብላል። ጎማው ጉድጓድ ወይም ጉብታ ሲያገኝ የዘንጉና የባሌስትራው እንቅስቃሴ ስለማይጣጣም ዘንጉ ጎማውን ይገፋል ወይም ይስባል።

ካስተር የሚባለው፣ ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌም ሊቀንስ ይችላል። ሲቀንስ መሪው ከኩርባ በኋላ በራሱ አይመለስም፤ በፍጥነት ጊዜም ይዋልላል።

የማስተካከያው ቅደም ተከተል

1. ቴስቲኒዎችና ኩሽኔታዎች ይመረመራሉ፤ ያረጀ ክፍል ባለበት የተወሰደ ልኬት አያስተማምንም።

2. ዘንጉ ወደ አግድም እንዲቀርብ ይደረጋል። ይህም በሳጥኑ በኩል ወደ ታች የወረደ ክንድ በመግጠም ወይም በጎማው በኩል ማያያዣውን ከፍ በማድረግ ይፈጸማል። የወረደ ክንድ በሳጥኑ ላይ ተጨማሪ ጫና ያሳድራል።

3. ካስተሩ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል በሚገባ የብረት ሽብልቅ ይመለሳል። ሽብልቁ የዲፈረንሻሉን አቅጣጫም ስለሚለውጥ የክሮቸራው ማዕዘን አብሮ ይታያል።

4. በመጨረሻ የፊት ጎማዎች አላይመንት በአምራቹ ልክ ይስተካከላል፤ መሪውም መሃል ላይ ይደረጋል። አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል የፍሬን ጎማ ቱቦው የማይወጠር መሆኑ ይረጋገጣል።

ጥንቃቄ

የመሪ ክንድን ወይም ዘንግን በእሳት አግሎ ማጣመም፣ እንዲሁም ቆርጦ መበየድ ፈጽሞ አይገባም። ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ ይለውጣል፤ ስንጥቁ ከውጭ ሳይታይ ክፍሉ በጉዞ ላይ ሊሰበር ይችላል። መሪው የተሰበረበትን ተሽከርካሪ ደግሞ የአሽከርካሪ ችሎታ አይመልሰውም። ስለሆነም ሥራው በሠለጠነ መካኒክ ሊከናወን፣ የተደረገው ለውጥም በዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ወቅት ለመርማሪው ሊገለጽ ይገባል።