የድሮን ክፍሎች እንዴት ይመረጣሉ?
ባለ አራት ሞተር ድሮን በራሱ እጅ ለመገጣጠም የተነሣን ሰው ለኪሳራ የሚዳርገው ብዙውን ጊዜ የክፍሎቹ አለመጣጣም ነው።

ምርጫው ከፍሬሙ ይጀምራል። የፍሬሙ ስፋት የፕሮፔለሩን ርዝመት ይወስናል፤ በብዛት የተለመደው 5 ኢንች ነው።

ቀጥሎ ሞተሩና ባትሪው በአንድነት ይታሰባሉ። በሞተሩ ላይ የሚጻፈው የ“ኬቪ” ቁጥር፣ ሞተሩ ያለ ጭነት በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ያመለክታል። ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባለ 4 ሴል የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 16.8 ቮልት፣ ባለ 6 ሴል ደግሞ 25.2 ቮልት አለው። ስለዚህ ለ4 ሴል የተመረጠ ባለ 2400 ኬቪ ሞተር ከ6 ሴል ባትሪ ጋር ቢገናኝ ዙሩ ከ40 ሺህ ወደ 60 ሺህ ያሻቅባል፤ ሞተሩም ሊቃጠል ይችላል።

የፍጥነት መቆጣጠሪያው የሚሸከመው አምፔር፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ከሚስበው መብለጥ አለበት። የአራቱ ሞተሮች ድምር የማንሣት ኃይልም ባትሪውን ጨምሮ ከድሮኑ ክብደት ቢያንስ እጥፍ ሊሆን ይገባል።

የመጀመሪያው ሙከራ ፕሮፔለሮቹ ሳይገጠሙ ይደረግ። በሀገራችን ድሮን ለማብረር ፈቃድ ስለሚያስፈልግ፣ ግዥው ከፈቃዱ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።